አምስት ጠጠሮች

ለቅልብልቦሽ የሚያስፈልገው አምስት ጠጠርና ተቀምጠው የሚጫወቱበት ትንሽ መሬት ብቻ ነው። ልጅ ግን ጠጠሮቹን ዝም ብሎ አያነሳም፤ ይመርጣል። ትልቁ መዳፍ አይሞላለትም፣ ሹሉ ያማል፣ ደቃቁ በጣት መሃል ያመልጣል። ጨዋታው ገና ሳይጀመር ዓይንና እጅ ማመዛዘን ይዘዋል።

ከዚያ አንዱን ሽቅብ ወርውሮ፣ እሱ ሳይወድቅ ከመሬት ሌላውን አንስቶ መቅለብ ነው። መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻ አራቱንም ባንዴ አፈፍ። እዚህ ላይ ሁሌም እደነቃለሁ። ቁጥር መጻፍ ያልጀመረች ልጅ አራት ከሁለትና ከሁለት፣ ከሦስትና ከአንድም እንደሚሠራ በጣቶቿ ታውቀዋለች። ማንም አላስጠናትም።

በጨዋታ መማርን ጀርመናዊው አስተማሪ ፍሬድሪክ ፍሮብልም ያምንበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1840 «የልጆች አትክልት ስፍራ» የሚል ስም ለሰጠው የሕፃናት ተቋም ካዘጋጃቸው መጫወቻዎች አንዱ ለስምንት ትንንሽ ኩቦች የተከፈለ የእንጨት ኩብ ነበር፤ ልጆች በታትነው መልሰው ይገጥሙታል። የኛ ጠጠር ከዚያ ኩብ የሚያንስ አይመስለኝም። እንዲያውም ሙግት ይጨምራል፦ «ሌላውን ጠጠር ነካሽው!» «አልነካሁም!» ተከራክረው፣ ተስማምተው፣ ተራቸውን ጠብቀው ይቀጥላሉ። ይህን በቃል ለማስተማር ስንት ቀን ይፈጃል?

ጠጠር ከደጅ ለቅመው ክፍል የሚያስገቡ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንን ከልቤ አከብራለሁ። መጫወቻ ተገዝቶ እስኪመጣ አይጠብቁም፤ ምንጣፉ ላይ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለው የመጀመሪያውን ጠጠር እነሱ ይወረውራሉ።