ኒውክለስ ነጥብ ነውን? በአቶም ትምህርት አቀራረብ ላይ የቀረበ ሂስ

እንደሚታወቀው፣ የአቶም ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ በሰሌዳው መካከል አንዲት ነጥብ ትደረጋለች፤ በዙሪያዋም ክቦች ይሣላሉ። ነጥቧ ኒውክለስ፣ ክቦቹም የኤሌክትሮን ምሕዋሮች ናቸው ይባላል። ሥዕሉ ለጀማሪ ተማሪ ይጠቅማል። የዚህ ጽሑፍ ሂስ በሥዕሉ ላይ አይደለም፤ ሥዕሉ እስከ ምን ድረስ እንደሚያገለግል ሳይነገር ትምህርቱ በመዘጋቱ ላይ ነው።

ከዓመታት በፊት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ሲያስተምር፣ አንድ ዕጩ መምህር «ኤሌክትሮኑ ወደ ነጥቧ ውስጥ ይገባል ወይ?» ሲል ጠየቀ። የተሰጠው መልስ «ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጭ ነው» የሚል ነበር። ጠያቂው በዚያ ክፍለ ጊዜ ዳግመኛ እጁን አላነሣም። ጥያቄው ግን ተገቢ ነበር፤ መልሱም «አዎን፣ ይገባል» ነው።

ብዙዎቹ ኒውክለሶች እንደ ጥቃቅን ማግኔቶች ናቸው፤ ኤሌክትሮንም የራሱ ማግኔታዊ ባሕርይ አለው። በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት የአቶሙን የኃይል እርከን በጥቂቱ ይከፍለዋል። ይህ ክፍፍል ሃይፐርፋይን መዋቅር ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሰከንድ ትርጓሜ የተመሠረተው በሲዚየም 133 አቶም ላይ በሚታየው በዚሁ ክፍፍል ሲሆን፣ አንድ ሰከንድ የ9,192,631,770 ንዝረቶች ጊዜ ነው።

ኒውክለስ በእርግጥ ነጥብ ቢሆን ኖሮ፣ የአንድ ንጥረ ነገር ሁለት አይሶቶፖች ሃይፐርፋይን መዋቅር በማግኔታዊ ሞመንታቸውና በስፒናቸው ብቻ ይወሰን ነበር። ሩቢዲየምን እንመልከት። ማግኔታዊ ሞመንት ለስፒን ሲካፈል የሩቢዲየም 87 ውጤት የሩቢዲየም 85ን 3.389 እጥፍ ነው። የሃይፐርፋይን መዋቅር መለኪያ የሆነው ቋሚ ቁጥር ግን 3.377 እጥፍ ብቻ ነው። ልዩነቱ 0.35 በመቶ ያህል ነው። ፍራንሲስ ቢተር እ.ኤ.አ. በ1949 ይህን አለመጣጣም አመለከተ፤ በ1950 ኦገ ቦር እና ቪክተር ቫይስኮፕፍ ምክንያቱን አስረዱ።

ማብራሪያቸው ባጭሩ የሚከተለው ነው። የኒውክለስ ማግኔታዊ ባሕርይ በአንድ ስፍራ የተከማቸ ሳይሆን በኒውክለሱ ስፋት ውስጥ የተሠራጨ ነው። ከፊሉ ከፕሮቶኖችና ከኒውትሮኖች ስፒን፣ ከፊሉ ከፕሮቶኖች ዙረት ይመነጫል፤ የሁለቱም ሥርጭት አንድ ዓይነት አይደለም። ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ኤሌክትሮን ይህን ልዩነት ይለየዋል። በከባድ ንጥረ ነገሮች ዘንድ ኤሌክትሮኑ ወደ ኒውክለሱ ይበልጥ ስለሚሳብ ውጤቱ ይጎላል።

ለዚህ ከሁሉ የላቀው ምሳሌ ከእኛው አጠገብ ይገኛል። በአራት ኪሎ ግቢ ፊዚክስ የሚማር ወጣት ወደ ፒያሳ በእግሩ ሲሄድ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጅበታል። በ2016 ዓ.ም. ከአራዳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ቢፈርሱም፣ ፒያሳ ለረጅም ዘመን ስሟ የተጠራው በወርቅ ቤቶቿ ነው። በተፈጥሮ የሚገኘው ወርቅ ሁሉ ወርቅ 197 ነው። በዚህ ኒውክለስ ውስጥ ከስፒን የሚመነጨውና ከዙረት የሚመነጨው ማግኔታዊ ባሕርይ ተቃራኒ በመሆናቸው እርስ በርስ ሊጣፉ ጥቂት ይቀራቸዋል፤ የሚተርፈው ሞመንት 0.15 የኒውክለስ ማግኔቶን ያህል ብቻ ነው። ገቢውና ወጪው በጣም የተቀራረበ ነጋዴ በአንዱ ላይ ትንሽ ለውጥ ሲደርስ ትርፉ በብዙ እንደሚናወጥ ሁሉ፣ በወርቅ ላይም የሥርጭቱ ልዩነት እጅግ ይጎላል። ወርቅ 197 በሰው ሠራሽ ዘዴ ከሚገኘው ወርቅ 198 ጋር ሲነጻጸር፣ አለመጣጣሙ በሩቢዲየም እንዳየነው ከአንድ በመቶ በታች ሳይሆን 8 በመቶ ገደማ ይደርሳል።

«ይህ ለከፍተኛ ትምህርት እንጂ ለመለስተኛው አይሆንም» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ቀመሩን ከመሠረቱ ማውጣት በእርግጥ የከፍተኛ ትምህርት ድርሻ ነው። ይሁን እንጂ 3.389ን ከ3.377 ጋር ማነጻጸር ከ12ኛ ክፍል ተማሪ ዐቅም በላይ አይደለም። ከዚህም በላይ ዛሬ ተመራማሪዎች በሲዚየም፣ በፍራንሲየምና በራዲየም አቶሞች አማካይነት የተፈጥሮን ደካማ ኃይል ሲመረምሩ ስሌታቸውን የሚፈትኑት በሃይፐርፋይን መዋቅር ነው፤ ስለዚህ የኒውክለሱን ማግኔታዊ ሥርጭት ችላ ሊሉት አይችሉም።

ስለሆነም ሦስት ነገሮች ሊታሰብባቸው ይገባል። አንደኛ፣ ነጥቧ በምትሣልበት ዕለት ሥዕሉ ምሳሌ መሆኑና ወሰን ያለው መሆኑ ይነገር። ሁለተኛ፣ ዕጩ መምህራን የሩቢዲየሙን ስሌት ራሳቸው ሠርተው አለመጣጣሙን በዓይናቸው ይዩ። ሦስተኛ፣ የፈተና ጥያቄዎቻችን ሕጉ ምን እንደሚል ብቻ ሳይሆን የት ላይ እንደሚያበቃም ይጠይቁ።

የዚያ ዕጩ መምህር ጥያቄ ቦርንና ቫይስኮፕፍን ወደ ግኝታቸው ከመራቸው ጥያቄ የራቀ አልነበረም። እርሱን ዝም ያሰኘው የፊዚክስ ክብደት ሳይሆን የመምህሩ መልስ ነው። ነገ እርሱም በተራው በሰሌዳ ፊት ሲቆም የሚሰጠው መልስ ከእኛ የተማረው እንደሚሆን መዘንጋት የለብንም።