የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ምን ይማራል?

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍና የፈጠራ ድርሰት የምናጠና ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ዘወትር ይቀርብልናል። በምንኖርበት በጎፋ ሰፈር፣ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን መልስ ያገኙን አንድ ሽማግሌ፣ «ልጆቼ፣ ሐኪሙ ያክማል፣ መሐንዲሱ ይገነባል፤ እናንተስ የባዕድ ተረት ተምራችሁ ምን ልትሠሩ ነው?» ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልስ ሊሰጠው ይገባል።

«ቋንቋውን እንማራለን» ማለት አይበቃም፤ ለቋንቋው ብቻ ቢሆንማ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በበቃን ነበር። በእኛ አስተያየት የትምህርቱ ጥቅም ሁለት ነው። አንደኛው ሌላው የጻፈውን መርምሮ ማንበብ ነው፤ ሁለተኛው በዚያው በሠለጠነ ዓይን የራስን አካባቢ አይቶ በትክክለኛው ቃል መጻፍ ነው። ሁለተኛው ከሌለ አንደኛው ጎደሎ ሆኖ ይቀራል።

ይህን የተረዳነው ከራሳችን ስሕተት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስለ መኖሪያ ሰፈራችን አንድ ገጽ እንድንጽፍ ታዘዝን። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ይዘነው በመጣነው እንግሊዝኛ ተመክተን፣ በረዶ ስለ ለበሰ ጣራና አይተናት ስለማናውቅ ናይቲንጌል ስለምትባል ወፍ ጻፍን። መምህሩ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ «ይህ አገር የት ነው?» የሚል ጥያቄ ብቻ ጽፈው መለሱልን። አፈርን። በማግሥቱ ጎፋ ማዞሪያ ታክሲ ስንጠብቅ፣ በቆሎ የምትጠብስ አንዲት ሴት ዝናብ ሲጥል ጃንጥላዋን በራሷ ላይ ሳይሆን በከሰሉ ላይ ስትዘረጋ አየን። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሰናል፤ ያየነው ግን ገና ያን ዕለት ነበር።

ከእኛ የላቁ ሰዎችም ያለፉበት መንገድ ይኸው ነው። የናይጄሪያው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲማሩ፣ ጆይስ ኬሪ የተባለው ደራሲ ስለ ናይጄሪያ የጻፈውን «ሚስተር ጆንሰን» አነበቡ። የአገራቸው ሰው የተሣለበት መንገድ አላስደሰታቸውም። ቅሬታቸውም በቅሬታነት አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 «ቲንግስ ፎል አፓርት» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተሙ። መርምሮ ማንበብ ወደ መጻፍ ሲያደርስ እንዲህ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1943 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። ሆኖም ተማሪዎቹ በኮሌጅ ቀን ካነበቧቸው ግጥሞች መካከል እስከ ዛሬ ስማቸው የሚነሣው፣ እንደ ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» ያሉት፣ በአማርኛ የተገጠሙ ናቸው። አቶ ዳኛቸው ወርቁም «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም. በአማርኛ ካሳተሙ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 «ዘ ተርቲንዝ ሰን»ን በእንግሊዝኛ አወጡ። ቋንቋው የእንግሊዝ ይሁን እንጂ ተራራው የእኛው ዝቋላ ነው፤ ተጓዦቹም ፈውስ ፍለጋ የሚወጡ አንድ የታመሙ ፊታውራሪና ልጆቻቸው ናቸው። ደራሲው በዚህ ሳይወሰኑ በ1977 ዓ.ም. «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ»ን በአማርኛ አበረከቱልን። እንግሊዝኛው ከአማርኛው አላራቃቸውም።

አንዳንዶች «የፈጠራ ድርሰት በክፍል ውስጥ አይሰጥም፤ ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው» ይላሉ። ይህ አባባል የቅኔ ቤታችንን መዘንጋት ነው። በዋሸራም ሆነ በዋድላ የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ትናንት የተነገረውን ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። እንግዲህ ድርሰትን በየዕለቱ እየደረሱ፣ በሰው ፊት እያቀረቡና እየታረሙ መማር ከባሕር ማዶ ያልመጣ የቆየ ሥርዓታችን ነው።

ነቀፌታችንም ከዚህ ላይ ይነሣል። ብዙዎቻችን ለፈተና የምንዘጋጀው ድርሰቱን አንብበን ሳይሆን የድርሰቱን አጭር መግለጫ ሸምድደን ነው። ሃምሌት ለምን እንዳመነታ ሦስት ምክንያት እንዘረዝራለን፤ ተውኔቱን ግን ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ጥቂቱ ነው። የቅኔ ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ በመጀመሪያው ቀን ይታወቅበት ነበር፤ የራሱን ቅኔ ማቅረብ ግዴታው ነውና።

ስለዚህ ለትምህርት ጓደኞቻችንና ለመምህራን የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ካነበበው መጽሐፍ ጋር አብሮ የራሱን አንድ ገጽ ይጻፍ፤ በክፍል ፊት ያንብብ፤ ይታረምም። አንዱን በእንግሊዝኛ ከጻፈ ሌላውን በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጻፍ። አሳቡ በሌላው ቋንቋ ተገልጦ ባዶ መሆኑ ከታየ፣ መጀመሪያም ባዶ ነበረ ማለት ነው።

ለሽማግሌው መልሳችን ገና አልተሟላም። ሐኪሙ በሽታን ለይቶ እንደሚያውቅ፣ እኛም ውሸተኛን ቃል ከእውነተኛው መለየት እየተማርን ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ በራሳችን ጽሑፍ ውስጥ። የባዕዱን ተረት ተምረን የጎፋን ማዞሪያ በትክክል መጻፍ ካቃተን ግን፣ ሽማግሌው እውነት አላቸው።