የቀዳሁት የማን ነው? ቲቮና ወራሾቹ

አማርኛ «ቀዳ» የሚለውን ግስ ሳይሰስት ይጠቀምበታል። ውኃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ቡና ከጀበና ይቀዳል፤ ዘፈን ከሬዲዮ ይቀዳል። በሦስቱም ቦታ የሚሆነው አንድ ነው፦ ከሚፈሰው ነገር ላይ የድርሻችንን ወደ ራሳችን ዕቃ እናዛውራለን። ከዚያ ወዲያ ምንጩ ቢደርቅ፣ ሬዲዮው ቢዘጋ፣ እንስራው ውስጥ የገባው የኛ ነው።

የቴሌቪዥን መቅጃዎችን የምመዝነው በዚህ ግስ ነው። ዲጂታል ቪዲዮ መቅጃ፣ በአጭሩ ዲቪአር፣ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስንት ሰዓት ይይዛል፣ ስንት ጣቢያ በአንዴ ይቀዳል የሚለውን ነው። እኔ ከነዚህ በፊት ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ መሣሪያው የተመልካቹን ጠባይ ያውቃል ወይ? ሁለተኛ፣ የተቀዳው ነገር በማን እጅ ነው ያለው? የመጀመሪያው የብልኃት ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የባለቤትነት። እስካሁን ከነካካኋቸው መቅጃዎች ሁለቱንም በደንብ የመለሰ አላገኘሁም። ቀረብ ያለው አንድ ነው፤ እሱንም ኩባንያው መሸጥ አቁሟል።

ብልኃቱ

ያ አንዱ ቲቮ ነው። ኩባንያውን በ1997 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ከሲሊከን ግራፊክስ የወጡት ጂም ባርተንና ማይክ ራምሴ ናቸው። የመጀመሪያው ሣጥን በ1999 ገበያ ላይ ሲውል እኔ ገና ዳዴ እል ነበር። የተዋወቅነው እዚህ ቨርጂኒያ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ «የዕድሜ ልክ» አገልግሎት የተከፈለበትን አሮጌ ሣጥን ከአንድ ሰው ገዝቼ መስኮቴ ላይ ከለጠፍኩት አንቴና ጋር አገናኘሁት።

ውስጡ ተአምር የለም። ሃርድ ዲስክ፣ ሊኑክስና በጥንቃቄ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። የሚመጣውን ሥርጭት ያለማቋረጥ ዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ እኛ የምናየው ደግሞ ከዲስኩ እየተነበበ ነው። «ቀጥታ» ብለን የምናየው እንኳ ለቅጽበት የዘገየ ቅጂ ነው። የመጨረሻዎቹን 30 ደቂቃዎች ይዞ አሮጌውን በአዲስ እየተካ ይሄዳል። ስልክ ሲጠራ ሥርጭቱን «ማቆም» የሚቻለውም ለዚህ ነው። ሥርጭቱማ አልቆመም፤ የቆመው ንባቡ ነው፣ ጽሕፈቱ ቀጥሏል።

ይህን ዛሬ ማንም ይሠራዋል። ብዙዎቹ የሚስቱት ቀጥሎ ያለውን ነው። ማስታወቂያ እያሳለፍኩ ነው እንበል፤ ምስሉ በከፍተኛ ፍጥነት ይሮጣል። ድራማው ሲመለስ ዓይኔ ያያል፣ አውራ ጣቴ ቁልፉን ይጫናል። ግን በዓይኔና በጣቴ መካከል ትንሽ መዘግየት አለ፤ በዚያ ፍጥነት ደሞ ትንሽ መዘግየት ማለት ከድራማው ብዙ ሰከንድ ማምለጥ ነው። ቲቮ ይህን አስቀድሞ ያውቃል። ቁልፉን ስጫን ራሱ ትንሽ ወደኋላ ተመልሶ ይጀምርልኛል። አንድም ቅንብር መንካት፣ አንድም መመሪያ ማንበብ አላስፈለገኝም። በሥራዬ ስብሰባ ላይ «ተጠቃሚው ነው የተሳሳተው» የሚል ነገር በየሳምንቱ እሰማለሁ። ይህን ኮድ የጻፈው ሰው ግን ሶፋ ላይ ሪሞት ይዞ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚመስል ልብ ብሎ አይቶ ነበር።

ሁለተኛው ሲዝን ፓስ ነው። በካሴት ዘመን መቅጃውን የምናዘው በቀንና በሰዓት ነበር። ቲቮን የምናዘው በስም ነው፦ ይህን ድራማ ቅዳልኝ፣ አዲሱን ክፍል ብቻ፣ በቃ። ከሐሙስ ወደ ማክሰኞ ቢዛወር የኔ ጣጣ አይደለም። ሁለት ፕሮግራሞች ቢጋጩ ራሴ በደረደርኩት ዝርዝር ላይ ከፍ ያለው ያሸንፋል።

ሦስተኛው ጥቆማው ነው። የወደድኩትን በአረንጓዴ አውራ ጣት፣ የጠላሁትን በቀይ፣ እያንዳንዱን እስከ ሦስት ድረስ እመዝናለሁ። ሣጥኑ ከዚያ ተነስቶ ሊጥመኝ ይችላል ያለውን ራሱ ይቀዳል። ግን የሚቀዳው ዲስኩ ላይ ትርፍ ቦታ ካለ ነው፤ እኔ ያዘዝኩት ሲመጣ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ባዶ ወንበር ካለ ይቀመጣል፣ ባለቤቱ ሲመጣ ይነሳል። ጨዋ እንግዳ ማለት ይህ ነው። ዛሬ ያሉት አገልግሎቶች ጥቆማቸውን ደጃፍ ላይ ያቆሙታል፤ ትናንት የጀመርኩትን ድራማ ለማግኘት አራት ረድፍ ወደ ታች መውረድ አለብኝ።

የተደበቀው ቁልፍ

ስለ ብልኃት ካወራን ስለ ማስታወቂያ ሳናወራ አናልፍም። በዚያው በ1999 ከቲቮ ጋር የተፎካከረው ሪፕሌይቲቪ ነበር፤ መሥራቹ አንቶኒ ውድ ኋላ ሮኩን ያቋቋመው ሰው ነው። ሪፕሌይቲቪ ሪሞቱ ላይ 30 ሰከንድ የሚያዘልል ቁልፍ አስቀመጠ። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ በብዛት 30 ሰከንድ ስለሆነ ቁልፉ ለምን እንደተሠራ መጠየቅ አያስፈልግም። ቲቮም ችሎታው ነበረው፤ ግን ደበቀው። ቅጂ እያዩ ሴሌክት፣ ፕሌይ፣ ሴሌክት፣ 3፣ 0፣ ሴሌክት የሚል ተከታታይ ሲጫኑ ነው የሚነቃው። ያወቀ ላላወቀ ይነግራል።

እኔ ይህን ድብቅ ቁልፍ የማነበው እንደ ሽምግልና ነው። ጣቢያዎቹን «እኛ ምንም አላስቀመጥንም» ይላቸዋል፤ ተመልካቹን ደሞ በዓይኑ ይጠቅሰዋል። ፊት ለፊት የሄደው ሪፕሌይቲቪ ምን እንደገጠመው ስናይ ጥንቃቄው ይገባናል። በ2001 ያወጣው ሞዴል ማስታወቂያን ራሱ እየለየ ይዘል ነበር፣ ቅጂንም በኢንተርኔት ለሌላ ባለ ሣጥን መላክ ያስችል ነበር። በዚያው ዓመት ትልልቆቹ ጣቢያዎችና ስቱዲዮዎች ከሰሱት። የያኔው ባለቤቱ ሶኒክብሉ በ2003 የመክሰር ማመልከቻ አስገባ፤ ከዚያ በኋላ የወጣው ሞዴል ሁለቱም ችሎታዎች ተነቅለውለት ነው የመጣው።

ከሳሾቹ ቤት ውስጥ መቅዳትን ራሱን መከልከል አይችሉም ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 በሶኒ ቤታማክስ ጉዳይ፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ፕሮግራምን ኋላ ለማየት ቤት ውስጥ መቅዳት ተገቢ አጠቃቀም ነው ብሎ ፈርዷል። ያ ውሳኔ የተሰጠው ግን ቤት ውስጥ ስለተቀመጠ ካሴት ነው። ካሴቱ ከቤት ከወጣስ?

ሺህ እንስራ

ኬብልቪዥን የተባለው የኒው ዮርክ አካባቢ የኬብል ኩባንያ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሃርድ ዲስኩን ከደንበኛው ሳሎን አውጥቶ ወደ ራሱ ሰርቨር ወሰደው። ተከሰሰ፤ በ2008 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለኩባንያው ፈረደ። ፍርዱ ከቆመባቸው ምሰሶዎች አንዱ እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ የተለየ ቅጂ ያለው መሆኑ ነው። ሺህ ሰው አንድ ድራማ ቢቀዳ ሰርቨሩ ላይ ሺህ ቅጂ ይቀመጣል፤ እኔ የማየው የኔን ብቻ ነው።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ሳቅኩ። ተመሳሳይ ፋይል ሺህ ጊዜ ማስቀመጥ ለመሐንዲስ እብደት ነው፤ አንዱን አስቀምጦ ለሺው ማሳየት እየተቻለ። ቆይቼ ሳስበው ግን ፍርዱ ደስ አለኝ። ሕጉ እያለ ያለው፣ የኔ እንስራ ከጎረቤቴ እንስራ የተለየ እስከሆነ ድረስ ቀድቻለሁ ማለት ነው። ብክነት የመሰለን ነገር የባለቤትነት የመጨረሻው ምልክት ነበር።

የዛሬው ክላውድ ይህን ምልክት ከዓይናችን ሰውሮታል። ጥቅሙን አልክድም። ዲስክ ተበላሸ ብሎ ማልቀስ የለም፣ ጉዞ ላይ ሆኖ በስልክ ማየት አለ፣ ስንት ጣቢያ በአንዴ ልቅዳ ብሎ መጨነቅ የለም። ዩቲዩብ ቲቪን የመሰለ አገልግሎት ለቅጂ የቦታ ገደብ የለውም፤ ቅጂው የሚቆየው ግን 9 ወር ነው። 9 ወር ለእግር ኳስ ከበቂ በላይ ነው። ግን ቀነ ገደብ ያለው ዕቃ የኔ ሳይሆን ያከራዩኝ ነው።

እኔ ራሴ በየወሩ የምከፍልበት አንድ አገልግሎት ነበር። አገልግሎቱና አንድ የጣቢያዎች ባለቤት በውል ሳይስማሙ ቀሩ፤ በማግሥቱ ጣቢያዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ከነሱ የቀዳሁት ሁሉ ከዝርዝሬ ጠፋ። ወደፊት የሚመጣው ቢቋረጥ ይገባኛል። ያለፈው እንዴት ይቋረጣል? የቀዳሁት ከተወሰደ መጀመሪያውኑ አልቀዳሁም ማለት ነው። የተጫንኩት ቀይ ክብ ምልክት «አስታውሰኝ» የሚል ነበር እንጂ «ስጠኝ» የሚል አልነበረም።

ፍላሹ

የዚህ ተቃራኒውን ያደግኩበት ቤት ውስጥ አየሁት። አዲስ አበባ ላይ በርካሽ የሚገዙት የዲሽ ሪሲቨሮች ፍላሽ ሲሰካባቸው ይቀዳሉ። ብልኃት የሚባል አልፈጠረባቸውም። ሜኑአቸው የተጻፈው በማን ቋንቋ እንደሆነ ያጠራጥራል። እኛ ቤት ከምናያቸው ጣቢያዎች የብዙዎቹ የፕሮግራም ዝርዝር ስለማይመጣ የምንቀዳው በሰዓት ነበር፤ ጣቢያው ሩብ ሰዓት ከዘገየ መጨረሻው ይቆረጣል፣ መብራት ከሄደ ደሞ ሁሉም ይቀራል። ረዥም ፊልም 4 ጊጋባይት ላይ ሲደርስ ለሁለት ይቆረጣል፤ የፍላሹ ፋት32 የሚባለው አደረጃጀት ከዚያ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

ግን ፋይሉ አለ። ፍላሹን ነቅዬ ላፕቶፕ ላይ ስሰካው ይከፈታል። ለጎረቤት ይሰጣል።

አጎቴ ጡረታ ሊወጣ ሲል ስለ ሥራው ለአንድ ጣቢያ ቃለ መጠይቅ ሰጥቶ ነበር፤ 11 ደቂቃ። የአክስቴ ልጅ ፍላሽ ሰክታ ቀዳችው። ካረፈ በኋላ ከጣቢያው ዋናውን ብንጠይቅ ሊገኝ አልቻለም። በአርባው ዕለት ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ያየው ያንን የፍላሽ ቅጂ ነው፤ መጀመሪያው ተቆርጦ፣ መጨረሻው ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ገብቶበት። ዛሬ በየስልካችን አለ። ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ ከ9 ወር በኋላም አይጠፋም። ያ ሪሲቨር በእኔ መመዘኛ የመጀመሪያውን ፈተና ወድቆ ሁለተኛውን በማዕረግ ያለፈ መሣሪያ ነው።

ክዳኑ የማን ነው?

ታዲያ ቲቮ ሁለቱንም አሟልቷል? ኧረ ገና ነው። «የዕድሜ ልክ» የሚለው ክፍያ የሣጥኑ ዕድሜ እንጂ የገዢው አይደለም፤ እኔም አሮጌውን ሣጥን ከነአገልግሎቱ የገዛሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ሲዝን ፓስን ሲዝን ፓስ ያደረገው የፕሮግራም ዝርዝር ከኩባንያው ነው የሚመጣው፤ እሱ ከቆመ ያ ሁሉ ብልኃት ወደ ካሴት ዘመን ይመለሳል። ቅጂን ወደ ኮምፒውተር ማውጣት ይቻላል፣ ግን የሚወጣው ተቆልፎ ነው። በ2019 ደሞ እኛው የቀዳነው ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት ማስታወቂያ ማስገባት ጀመረ።

ሶፍትዌሩም ላይ ነገሩ ያው ነው። ሊኑክስን ተጠቅሟል፣ ፈቃዱ እንደሚያዘውም ኮዱን ለሕዝብ ሰጥቷል። ነገር ግን ያንን ኮድ አሻሽሎ መልሶ የሚጭን ሰው ሣጥኑ ፊርማውን አይቶ አልነሳም ይለዋል። የነፃ ሶፍትዌር ሰዎች ለዚህ «ቲቮአይዜሽን» የሚል ስም አወጡለት፤ በ2007 የወጣው ሦስተኛው የጂፒኤል ፈቃድ ይህን ለማገድ የተጻፈ አንቀጽ አለው።

ማየቱም የጋራ ነበር። በ2004 የሱፐር ቦውል የዕረፍት ትርዒት ላይ የጃኔት ጃክሰን ልብስ በተገለጠበት ምሽት ማግሥት፣ ደንበኞቹ ከሁሉ በላይ ደጋግመው ያዩት ያቺን ቅጽበት እንደሆነ ኩባንያው ይፋ አደረገ። ጥቅል ቁጥር ነው፣ የማንም ስም የለበትም ቢባልም፣ ብዙ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሣጥን ወደኋላ የመለሰበትን እንደሚቆጥር የገባው ያን ቀን ነው። እንስራው ቤታችን ነበር፤ የክዳኑ ቁልፍ ግን ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ።

ያም ሆኖ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው እላለሁ። ለጣቴ መዘግየት ያሰበ፣ ጥቆማውን ከትዕዛዜ በታች ያስቀመጠ፣ ቅጂዬንም ኢንተርኔት ቢጠፋ እዚሁ ክፍሌ ውስጥ የሚያሳየኝ ሌላ አላገኘሁም። በ2025 ኩባንያው ሣጥኖቹን መሸጥ አቆመ። ነፃ ሶፍትዌር ወዳዶች ከ2002 ጀምሮ ሚትቲቪን የመሰሉ የራሳቸውን መቅጃ እየሠሩ ነው፤ እዚያ ክዳኑም ቁልፉም የራስ ነው። ግን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ለመታገል ፈቃደኛ መሆን ያስፈልጋል፤ እናቴ ያንን ቅዳሜ አትሰጠኝም።

ስለዚህ መቅጃ ወይም መቅጃ አለኝ የሚል አገልግሎት ለሚገዛ ሰው የምሰጠው ፈተና ቀላል ነው። አንድ ነገር ቅዱ። ኢንተርኔቱን ነቅላችሁ ክፈቱት። ከተከፈተ ፍላሽ ላይ ገልብጡና ለጎረቤት ስጡ። የኔ ቲቮ የመጀመሪያውን አልፎ ሁለተኛው ላይ ይሰናከላል። ክላውዱ የመጀመሪያው ላይ ይቀራል። የአክስቴ ልጅ ፍላሽ ሁለቱንም አልፏል፤ የጎደለው አጎቴ «እንደምን አመሻችሁ» ያለበት የመጀመሪያው ደቂቃ ብቻ ነው።