ማስቲሽና የስንዴ ኮላ

በቆዳ ሥራ ብዙ ዘመን የቆየ ሰው ስለ ሙጫ ሲጠየቅ፥ ጠያቂው የሚጠብቀውን የአንድ ቆርቆሮ ስም ከመጥራቱ አስቀድሞ፥ ቆዳው ምን ዐይነት እንደ ሆነ፥ ከምን ጋር እንደሚጣበቅ፥ ይልቁንም አንድ ቀን መልሶ መላቀቅ ያስፈልገው እንደ ሆነ መጠየቁ አይቀርም። ይህን የኋለኛውን ጥያቄ እኔ የተማርሁት ዘግይቼ፥ ያውም በሰው ንብረት ላይ ነው።

ለጫማ፥ ለቦርሳና ለቀበቶ ማስቲሽን የሚስተካከለው የለም። በሚተን ፈሳሽ የሟሟ ጎማ ስለ ሆነ ኀይሉ የሚገለጠው ፈሳሹ ተኖ ሲያልቅ ነው፤ ስለዚህም ሁለቱንም ገጽ በስሱ ቀብቶ፥ 10 ወይም 15 ደቂቃ ታግሦ፥ በጣት ጀርባ ሲነኩት የማይጎትት ሲሆን አጋጥሞ በመዶሻ መምታት ይገባል። አንድ ጊዜ ከገጠመ በኋላ ላስተካክልህ ቢሉት እሺ አይልምና፥ እጅ አስቀድሞ ቦታውን ማወቅ አለበት። ልሙጡ የቆዳ ፊት በብርጭቆ ወረቀት ካልሻከረ አይይዝም፤ ቅባት የጠጣ ቆዳ ደግሞ ቢሻክርም ያታልላል፤ ስለዚህ በቁራጭ እፈትነዋለሁ፤ በማግስቱ ስልጠው የቆዳው ሥጋ አብሮ ከተቦጨቀ ልቤ ያርፋል፥ ሙጫው ብቻውን ከተገፈፈ እንደ ገና እፍቃለሁ። (ሽታው ራስ ያዞራል፤ መስኮት ዘግተው የሚሠሩትን ልጆች ስቆጣ እውላለሁ።) ይህም ሁሉ ሆኖ ማስቲሽ ክሩ እስኪደርስ ድረስ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው እንጂ ስፌትን አይተካም።

ከቆዳ ቁርጥራጭ ተቀቅሎ የሚወጣው ሙጫ ጥንታዊና ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ እጅግ ካለፈ ይደክማል፥ ሲደርቅም ስለሚገትር ለሚታጠፍ ነገር አልመርጠውም።

በወጣትነቴ አንድ መሪጌታ ድጉሱ፥ ማለት የቆዳ ልባሱ፥ ከእንጨት ገበታው የተላቀቀ የብራና ዳዊት አመጡልኝ። እኔም በሙያዬ ተመክቼ በማስቲሽ ለጠፍሁት፤ ጥብቅ አለ፥ ተመሰገንሁም። ከዓመታት በኋላ ጥራዙን ከገበታው የሚያያይዘው ክር ስለ ተበጠሰ ተመልሰው መጡ፤ ክሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከቆዳው ሥር ነውና ቆዳው መነሣት ነበረበት።

«ልጄ፥ ይህን ሳትቀድድ መግለጥ ትችላለህ?» አሉኝ።

«የኔታ፥ እሞክራለሁ» አልሁ እንጂ፥ ማስቲሹ ጠቁሮ ቆዳውንም እንጨቱንም ዘልቆ ስለ ነበር፥ መልሱን ሁለታችንም አውቀነው ነበር።

የቀደሙት ደጓሾች እንደ ሙቅ የበሰለ የዱቄት ኮላ የሚወዱት ሌላ ስላጡ ብቻ አይመስለኝም። የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ፥ በዝግታ እሳት እየተማሰለ እስኪያንጸባርቅ የበሰለ እንደ ሆነ፥ ቆዳን ከእንጨት ጋር አጥብቆ ይይዛል፤ ብል ይወደዋል፥ በእርጥብ ቤትም ይሻግታል፤ ነገር ግን የኋለኛው ጠጋኝ በእርጥብ ጨርቅ ጥቂት ሲያቈየው ይለቃል።

ከዚያ ዳዊት ቆዳ ሳይቀደድ የተነሣው አንዱ ማዕዘን ብቻ ነበር። እርሱን በስንዴ ኮላ መለስሁት፤ ሦስቱን እንዳሉ ተውኋቸው፤ የእጅ ዋጋም አልተቀበልሁም።