ሠሪውና ጠባቂው፦ በአጃይል መግለጫ ላይ የቀረበ ሒስ

በአውሮፓ አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 2001 ዓ.ም. 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች በአሜሪካ አገር፥ በዩታ፥ ስኖውበርድ በሚባል ስፍራ ተሰብስበው አራት ዋና ዋና ሐሳቦችን የያዘ አጭር መግለጫ አወጡ፤ 12 መመሪያዎችም ታከሉበት። መግለጫው «አጃይል» በሚል ስም ይታወቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መግለጫው አንድን የሥራ ወገን እንዴት እንደዘለለና ከዚህ ምን ችግር እንደ ተከተለ መመርመር ነው።

በመጀመሪያ ለመግለጫው የሚገባውን ምስጋና መስጠት ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት በብዙ ቦታ የነበረው ልማድ ዕቅዱን በወፍራም ጥራዝ ጽፎ፥ ለዓመታት ሠርቶ፥ ተጠቃሚው ሥራውን በመጨረሻው ቀን ብቻ እንዲያየው ማድረግ ነበር። መግለጫው ግን ሥራው በትንንሽ ክፍል እየተከፈለ በየጥቂት ሳምንቱ ለተጠቃሚው ይድረስ፤ ስሕተትም በጊዜው ይታረም አለ። ይህ እውነት ነው፤ የሚከራከረውም ጥቂት ነው።

ነገር ግን 12ቱን መመሪያዎች በጥንቃቄ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። ደንበኛው ተጠርቷል፤ የንግዱ ሰው፥ ፕሮግራመሩ፥ ገንዘብ አውጪውና ተጠቃሚውም ተጠርተዋል። ሥራው ከተረከበ በኋላ ሌሊትና ቀን የሚጠብቀው፥ በዘመኑ አጠራር የኦፕሬሽን ቡድን የሚባለው ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። የእድገት መለኪያ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው ተብሏል፤ የሚሠራው በሠሪው ጠረጴዛ ላይ ነው ወይስ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠቀምበት? ለዚህ ጥያቄ መልስ የለም። ደግሞም መግለጫው ጽሑፍን ከሚሠራ ነገር በታች አደረገው እንጂ አልሻረውም፤ ችኩል አንባቢዎች ግን እንደ ተሻረ ቈጠሩት። ያ አሰልቺ ጥራዝ ከነጕድለቱ ለጠባቂው የሚደርሰው ብቸኛ መመሪያ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ የነበረው ርክክብ በየሁለት ሳምንቱ ሲሆን በዓመት 26 ይደርሳል። እንግዲህ የመረከቡ ሥራ ሲበዛ ተረካቢው ወደ ምክሩ አልተጠራም።

የርክክብ ጕድለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የናይት ካፒታል ታሪክ ያሳያል። ይህ የአሜሪካ የአክሲዮን ኩባንያ ሥራውን በአጃይል መንገድ ይሠራ ነበር ለማለት ሳይሆን፥ በሠሪውና በጠባቂው መካከል ያለውን ክፍተት ጕልህ አድርጎ ስለሚያሳይ ምሳሌ እናደርገዋለን። የአገሩ የአክሲዮን ገበያ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2013 ባወጣው ውሳኔ እንደ ተገለጸው፥ ዐዲስ ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ ሲጫን አንዱ ተዘለለ፤ ሁለተኛ ሰው ሥራውን እንዲያይ የሚያዝዝ የተጻፈ ደንብ አልነበረም። በ1 ኦገስት 2012 በዚያ በቀረው ሰርቨር ላይ ከ2003 ጀምሮ ሥራ ያቆመ አሮጌ ፕሮግራም ተነሣ። ገበያው ሳይከፈት 97 የስሕተት መልእክቶች በኢሜል ለሠራተኞች ደርሰው ነበር፤ ግን እንደ ማስጠንቀቂያ ተብለው የተዘጋጁ ስላልነበሩ የመረመራቸው የለም። ችግሩ ከታየ በኋላም ሠራተኞቹ ዐዲሱን ኮድ ከሰባቱ ደኅና ሰርቨሮች ቢያነሡት ጥፋቱ ባሰ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከአራት ሚሊዮን በላይ ግብይት ተፈጸመ፤ ኪሳራውም ከ460 ሚሊዮን ዶላር በለጠ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ ነገሩን በፍጥነት ማሳበብ ይቻል ይሆናል። ዳሩ ግን ጕድለቱ ሦስት ነበር፤ ይኸውም የመጫኑን ሥራ የሚያረጋግጥ፥ ማስጠንቀቂያውን የሚያነብና በአደጋ ጊዜ ወዴት መመለስ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ አለመዘጋጀቱ ነው። በዝግታ ቢሠራም እነዚህ ከሌሉ ውጤቱ ያው ነው።

ለዚህ ችግር ሁለት ታዋቂ መልሶች ተሰጥተዋል። የአማዞኑ ቬርነር ቮገልስ በ2006 የሠራው ራሱ ይጠብቀው የሚለውን ሐሳብ አስታወቀ። ሐሳቡ የሌሊቱን ስልክ ለሠሪው ስለሚሰጥ ጥንቃቄ ያስተምራል፤ ግን ፕሮጀክቱ አልቆ ሠሪዎቹ ወደ ሌላ ሥራ በሚበተኑበት መሥሪያ ቤት ማን ይቀራል? ጉግል ደግሞ በ2003 የጀመረውንና በ2016 በመጽሐፍ ያሳተመውን ሥርዓት አቀረበ። በዚህ ሥርዓት ጠባቂው ዝግጁነቱ ሳይመረመር ሥራ አይረከብም፤ ከጊዜውም ከግማሽ በላይ ለጥበቃው ብቻ እንዳይውል ይደነግጋል። ይህ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ጠባቂዎቹ ራሳቸው የተመረጡ ፕሮግራመሮች እንዲሆኑ ስለሚፈልግ ለትንሽ መሥሪያ ቤት ይከብዳል።

በእኔ አስተያየት ከሁለቱም የሚወሰደው ዋናው ነገር ጠባቂው እንቢ የማለት መብት እንዳለው ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ ከሠሪዎች ጋራ ይቀመጥ፤ «አለቀ» የሚለው ቃል የአሠራሩን ማስታወሻ፥ ትርጕም ያለውን ማስጠንቀቂያና ተሞክሮ የታየውን የመመለሻ መንገድ ይጨምር፤ ከርክክብ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ሠሪውና ጠባቂው አብረው ስልክ ይመልሱ። እነዚህ ከሌሉ ጠባቂው አልረከብም ቢል እንደ እንቅፋት አይቈጠር። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጠባቂውን እንደ ሙሉ ባለሙያ መቍጠርን ነው።

ጕዳዩ እኛን ተማሪዎችንም ይነካል። በትምህርት ቤት የሚሠራ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ በታየበት ቀን ማርክ አግኝቶ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ መምህራኖቻችን አንዱ ቡድን የሠራውን ሌላው ቡድን ተረክቦ አንድ መንፈቅ እንዲያቈየው፥ ከማርኩም ከፊሉን ጠባቂዎቹ እንዲሰጡ ቢያደርጉ፥ ከማናቸውም ንግግር ይልቅ ትምህርት ይሆን ነበር።