እንጎቻ ለምሳ

የመጀመሪያውን ጥቅልል የወሰደው አንድ መምህር ነው። ከሰዓት በኋላ ስለሚያስተምር «ቅቤ የበዛበት ወጥ እንቅልፍ ያመጣብኛል፤ ቀለል ያለ ነገር ይሥሩልኝ» ብሎኝ ነበር። ረፋዱ ላይ ዶሮና ሰላጣ በእንጀራ ጠቅልዬ ሰጠሁት። በማግስቱ ሳቁን እንደ መያዝ ብሎ «እትዬ፣ ጥቅልል አዝዤ ፍትፍት ሰጡኝ እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። ቲማቲሙ ውሃውን ለቆ፣ እንጀራው ጠጥቶት፣ ምሳው ከወረቀቱ ተጣብቋል። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ውሃው የት ይሄዳል?

ከዶሮው እጀምራለሁ። ለወጥ እንደምናደርገው ቆዳውን ገፍፌ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሜ አጥቤ፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር እቀቅለዋለሁ። ያለሁባት ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአበሻ ዶሮ ደግሞ ሥጋው ጠንካራ ነው። እሳት ቢጨምሩበት ውሃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም፤ ያለው መላ ክዳኑን ገጥሞ መታገሥ ነው። ሲበስል መረቁ ውስጥ እንዳለ ለብ እስኪል እተወዋለሁ፤ በትኩሱ ከተበለተ ወዙ በእንፋሎት ሄዶ እንደ ጭድ ይደርቃል። ከዚያ በጣቴ እተለትለዋለሁ። በወጥ ቀን ለአባወራ የሚወጣው ፈረሰኛ እዚህ ለሁሉም ይዳረሳል። መረቁ ለሾርባ ይቀመጣል።

ማባያውን ከጾም ምግብ ነው የተዋስኩት፤ ከአዚፋ። ሰናፍጩን ፈጭቼ በቀዝቃዛ ውሃ አሽቼ ጥቂት አቆየዋለሁ። ሙቅ ውሃ ከነካው ኃይሉ ይሞታል፤ ሎሚውም ቶሎ ከገባ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነገር ይደክማል። ስለዚህ ሎሚው፣ ጥቂት ዘይትና የተከተፈ ቃሪያ መጨረሻ ላይ ይገባሉ። አንድ ማንኪያ ዶሮውን ለማሸት ይበቃል። ማዮኔዝ አላስፈለገኝም።

ቲማቲሙ ከታች ከፎገራ፣ በወረታ በኩል ይመጣል። ለሁለት ሰንጥቄ ፍሬውንና ውሃውን አወጣለሁ፤ የምከትፈው ሥጋውን ብቻ ነው። ጥቅል ጎመኑን በስሱ ከትፌ፣ ጨው ነስንሼ፣ ውሃውን ሲያወጣ በእጄ እጨምቀዋለሁ። የሰላጣ ቅጠሉን በደንብ አጥቤ በንጹሕ ጨርቅ አደርቃለሁ። ይህን የተቻኮልኩ ቀን ያ ፍትፍት ተመልሶ ይመጣል።

ትልቁን እንጀራ ቆርጦ መጠቅለል ጫፉን ያደክመዋል፤ ይቀደዳል። መፍትሔው ልጅነቴ ውስጥ ነበር። እናቴ ጋግራ ስትጨርስ በተረፈው ሊጥ እንጎቻ ታወጣልን ነበር፤ በርበሬ በዘይት ቀብታ፣ ጠቅልላ ትሰጠናለች። ልኩ ለአንድ ሰው ምሳ ነው። አሁን ሊጡ እስኪተርፍ አልጠብቅም፤ አስቤ እጋግረዋለሁ፣ በንጹሕ ጤፍ። ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ በትኩሱ ያምራል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይደርቅና ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። እንጎቻው ፈጽሞ ሲበርድ፣ ዓይኑ ባለበት በኩል የተጨመቀ አይብ በስሱ እቀባለሁ፤ ዓይኑን ይደፍነዋል። በላዩ የሰላጣ ቅጠሉ፣ ቀጥሎ ጎመኑና ቲማቲሙ፣ መሐሉ ላይ ዶሮው። ታችኛውን ጫፍ አጥፌ አጥብቄ እጠቀልለዋለሁ። ዶሮና አይብ ያለበት ምግብ በደጋው ብርድ እንኳ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም፤ ስለዚህ ረፋድ ላይ መጠቅለሌን ትቼ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ነው የምሠራው። ረቡዕና ዓርብ ዶሮውና አይቡ ይቀሩና የተቀቀለ ምስር ይተካል፤ ሰናፍጩም ወደ ቤቱ ይመለሳል።

መምህሩ በቀደም መጣ። ወረቀቱን ፈቶ እንጎቻውን ከሥሩ በጣቱ ዳሰሰው። ደረቅ ነው። ዝም ብሎ በላ፤ አንድ ፍርፋሪ አላስተረፈም። ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆም አለና «እትዬ፣ ነገ ትንሽ ወጥ ጠብ ያድርጉበት» አለኝ።