ብረቱን ማን ቀድሞ ይይዘዋል?

«ልጄ፣ ወንዛዬ ወርጄ ብነከርበት አይሻለኝም?» አሉኝ የፎገራው ሩዝ ገበሬ። ወረታ አስፋልት ላይ ባጃጅ ገጭቷቸው ቅልጥማቸው ተሰብሯል። አራት ብረት ቆዳቸውን በስቶ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል፤ ከውጭ በዘንግ ተያይዟል።

ጥያቄያቸው አልገረመኝም። የወንዛዬ ፍል ውሃ ለአገራችን ሰው የሕመም ማስታገሻ ነው። «አባባ፣ ብረቱ ወጥቶ ቀዳዳው እስኪደፈን ይታገሡ፤ ፍል ውሃው የትም አይሄድ» አልኳቸው።

ቆዳ አጥራችን ነው። ብረቱ ደግሞ አጥሩ ላይ ሳይዘጋ የሚቆይ በር ነው። ቆዳችን ላይ በሰላም የሚኖረው ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ በዚያ በር ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ብረቱ ላይ ይለጠፋል። ከዚያም ዝልግልግ ነገር አመንጭቶ ራሱን ይሸፍናል፤ ባዮፊልም የምንለው ይህ ነው። የጉማራ ወንዝን ድንጋይ የረገጠ ሰው ያውቀዋል፤ ውሃው ሌት ተቀን ቢያልፍበትም ማዳለጡን አይተውም፣ ካልታሸ አይነሳም። አንቲባዮቲክም እንዲሁ ላይ ላዩን ያልፋል፤ ከሥር ያደፈጠውን አይጨርሰውም።

አሜሪካዊው ሐኪም አንቶኒ ግሪስቲና እ.ኤ.አ. በ1987 ነገሩን እሽቅድምድም ብሎታል፤ የሰውነት ሴልና ባክቴሪያ ብረቱን ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ። የፎገራ ገበሬ በሩዝና በአረም ሲነገረው ቶሎ ይገባዋል፤ መሬቱን ቀድሞ የያዘው ሌላውን ያፍነዋል።

ባክቴሪያውን የመቅደሙ ሥራ የሚጀምረው ኦፕራሲዮን ክፍል ነው። አጥንት በጥድፊያ ሲበሳ ይግላል፤ የጋለ አጥንት ይሞታል፤ በሞተ አጥንት የተያዘ ብረት ይላላል፤ የላላ ብረት ሥጋውን እየፈተገ ለባክቴሪያ መንገድ ይከፍታል። ሐኪሙ ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) እያፈሰሰ፣ ቀስ ብሎ የሚበሳው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በአስታማሚ እጅ ነው። ይህን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው። አንድ ወጣት የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቶ ዱቄቱን ብረቱ ሥር ነስንሶ መጣ። ዱቄቱ ከደም ጋር እንደ ጭቃ ደርቋል፤ ስናርሰው ከሥሩ መግል ወጣ። በቃል ብቻ ነግሬ ነበር የሸኘሁት፤ በእጁ አላሠራሁትም።

አሁን ማንንም እንዲያ አልሸኝም። የገበሬው ልጅ ፊቴ እጇን በሳሙና ታጠበች። የተጣበቀውን ጎዝ በሳላይን አርሳ አላቀቀችው እንጂ አልጎተተችውም። ለእያንዳንዱ ብረት አዲስ ጎዝ ያዘች፤ ከንጹሑ ጀምራ ፈሳሽ ያለበትን መጨረሻ አደረገች።

«እንዲህ?» አለች ቀና ብላ።

«እንዲህ ነው፣ እህቴ» አልኳት።

ብረት የገባለት ሰው ቤታችሁ ካለ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ክረምት ላይ ከሩዝ ማሳ ጭቃ አርቁት። ዱቄትም ቅጠልም አትነስንሱበት። ቀዳዳው ዙሪያ ከቀላ፣ ከጋለ፣ መግል ከያዘ ወይም ብረቱ ከተነቃነቀ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት። ወንዛዬ ብረቱ ከወጣ በኋላ ይደርሳል።